ያልታመነው ምት

የናጎያ ከተማው የኦሱ ሰፈር ሰው ሴት ስታሸንፍ ማየት ይወድ ነበር። ሰይፍ መታጠቅ በአዋጅ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በሰሌን የታጠረ የፍልሚያ ሜዳ ተተክሎ፣ ትናንት በጌቶች ግንብ ውስጥ ያደጉ ሁሉ ለዕለት ጉርሳቸው በሕዝብ ፊት ይፋለሙበት ነበር። ነጋዴው፣ አናጢው፣ የሰው ልጅ ያዘለችው ሞግዚት ሳትቀር የተጠበሰ የሩዝ ድቡልቡሉን ከእንጨቱ ላይ እየጎተተ ይጮኻል። ሰሌኑ የሚርገበገበው ግን ቶሴ ስትገባ ነው።

ቶሴ የኢኑማ ቤት ልጅ ነበረች። አባቷ ኢኑማ ዳንጆ በኦጋኪ ግንብ ለጌታው ሴቶች ናጊናታ ያስተምሩ የነበሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ያ ከሰው ቁመት የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ የጎበጠ ስለት ያለው ዘንግ በትልልቆቹ ቤቶች የሴት ልጅ መሣሪያ ነው፤ ልጅቱ ስትዳር አብሯት ይሄዳል። ዳንጆ ለቶሴ የሰጧት ግን ገና ሳትዳር ነው። ግንቡ ሲዘጋ፣ ደመወዙ ሲቀር፣ ቤቱም ሲሸጥ የተረፈ ሌላ ነገር አልነበራቸውም። አባትና ልጅ ናጎያ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራዩ። እሳቸው ጃንጥላ ላይ ወረቀት ያጣብቃሉ፤ እሷ ሜዳ ትወጣለች። ሜዳ መውጣቷን እሳቸው ያውቃሉ፤ እንደማያውቁ ሆነው ግን ይኖራሉ።

በሜዳው ላይ የምትገጥመው ሪኪቺ የሚባል ወጣት ሰይፈኛን ነበር። እሱ የቀርከሃ ሰይፍ ይይዛል፣ እሷ ስለቱ ቀርከሃ የሆነ ናጊናታ። መጀመሪያ በመሃል አቋም ትቆማለች፤ ጫፉ ከዓይኖቹ ትክክል። ከዚያ ጫፉን ቀስ ብላ ወደ መሬት ታወርደዋለች። ይህ የታች አቋም ነው፤ «ራሴ ባዶ ነው፣ ና» ብሎ እንደመጥራት። ሪኪቺ ይገባል። ሲገባ እሷ ዘንጉን በመዳፏ ላይ ታንሸራትተውና፣ እንደ ልማዱ የምትመታበትን ስፍራ ስም ጠርታ፣ «ሱኔ!» ብላ ቅልጥሙን ትለዋለች። ሰይፈኛ ራሱን፣ የእጁን አንጓና ጎኑን መጠበቅ ተምሮ ያድጋል፤ ቅልጥሙን ጠብቅ ያለው የለም። ዳኛው ማራገቢያውን ወደ እሷ ያነሳል፣ ሕዝቡ ያብዳል፣ ሪኪቺም እጅ ይነሳል። ከጭንብሉ ፍርግርግ በስተጀርባ ዓይኖቹ ይስቁ ነበር።

ያ ሳቅ ነው ቶሴን የያዛት።

ሪኪቺ የዚያው ግንብ የእግረኛ ወታደር ልጅ ነው። በድሮው ጊዜ ቢሆን እሷ ስታልፍ የገለባ ጫማውን አውልቆ መንገድ ዳር መንበርከክ ነበረበት። ተንበርክኮም ያውቃል። አንድ ቀን ከጨዋታው በኋላ እየሳቀ ነገራት፤ ዝናብ እየዘነበ እሷ አሽከሮች በተሸከሙት ወንበር ተቀምጣ ስታልፍ፣ አንዴ ብቻ ቀና ብሎ ሊያያት ሲል አባቱ ማጅራቱን ይዞ ጭቃው ውስጥ እንደደፈቀው። ቶሴ አልሳቀችም። በማግስቱ ቅባት ይዛ መጣችና የጠቆረውን ቅልጥሙን በእጇ ታሸው ጀመር። እግሩን ሊሰበስብ ሞከረ።

«እመቤቴ፣ ይተዉት፤ ነውር ነው።»

«እኔ የመታሁትን እኔ ካላሸሁት ማን ሊያሸው ነው?»

የሜዳው ባለቤት ጎንሮኩ፣ ሆዱ ከመቀነቱ በላይ የተረፈ ቀልደኛ ሰው፣ አይቷቸው ሲያልፍ «እመቤት ቶሴ፣ ቀስ ብለው ይምቱልኝ፤ እግር ገበያ ላይ አይሸጥም» ብሎ ሄደ። ሁለቱም አቀረቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሪኪቺ ቃል ሲያጥረው ይውላል። ብርዱ አልፎ ሙቀቱ ሲጀምር፣ የእጅጌዋን ማሰሪያ ከጀርባዋ ሲያጠብቅላት፣ ሳያስበው «አንቺ» አላት። ደንግጦ እጁን አነሳ። ቶሴ ሳትዞር «ድገመው» አለችው።

በዚያው ሰሞን የቶኪዮ ፖሊስ ጎበዝ ሰይፈኞች ይፈልጋል ተባለ። አንድ ሹም ሪኪቺን ሲለማመድ አይቶት ስለነበር ቦታ ተሰጠው፤ ከበጋው መጨረሻ በፊት እንዲገባ ታዘዘ። ሪኪቺ ያለውን ብቸኛ ደህና ልብስ ለብሶ ዳንጆ ደጃፍ ላይ ተንበረከከና ቶሴን ይዳሩልኝ ብሎ ጠየቀ። ዳንጆ ከጃንጥላቸው ቀና እንኳ አላሉም። ሙጫው እንዳይደርቅ እየቀቡ፣ እግረኛ በኢኑማ ቤት ወለል ላይ የሚወጣበት ዘመን ገና አልመጣም አሉ። ሪኪቺ ጎንበስ ብሎ ወጣ። ቶሴ ግን በልቧ ጨርሳ ነበር። አባቷ ቢረግሟትም ትሄዳለች።

ሁሉ ነገር የተበላሸው ጊፉ ከተማ ላይ ነው።

ጎንሮኩ ከሌላ ቡድን ጋር ተስማምቶ ሁለቱ ቡድኖች በናጋራ ወንዝ አጠገብ አብረው ሊያሳዩ ሄዱ። ያኛው ቡድን ማኪ የምትባል ናጊናታ ያዥ ነበረችው፤ ክንደ ብርቱ፣ ገበሬ የመሰለች ሴት። ዕጣ ሲወጣ ማኪ ለሪኪቺ ደረሰች። ቶሴ ተራዋ ስላልነበር ከሰሌኑ ጥግ ሆና አየች። ማኪ የታች አቋም ያዘች። ሪኪቺ ገባ። ማኪ «ሱኔ!» ብላ ጠረገችው፤ ምቷ ፈጣን ነበር፣ ከቶሴ የሚፈጥን እንጂ የሚዘገይ አልነበረም። ሪኪቺ የፊት እግሩን ውሃ ውስጥ እንደቆመ ሽመላ ብድግ አደረገው። ስለቱ ከሥሩ ባዶ አየር ጠርጎ አለፈ። እግሩ ሳያርፍ ሰይፉ ማኪ አናት ላይ ጮኸ።

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ሴት ስትሸነፍ አይወድም። ቶሴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ያ እግር ብድግ ሲል ከዚያ በፊት አንድም ቀን አይታው አታውቅም ነበር።

ወንዙ ዳር አገኘችው። ጭንብሉን አውልቆ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

«ከመታሁህ ውስጥ ስንቱ የእኔ ነው?» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ፊቷን አየና ገባው።

«እንድሸነፍልሽ ጎንሮኩ ነው ያዘዘኝ» አለ። «ስንጀምር አንቺም የምታውቂ መስሎኝ ነበር። ኋላ ዳኛው ማራገቢያውን ሲያነሳ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አየሁ። አለማወቅሽ የገባኝ ያኔ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«በአፍህ።»

ሪኪቺ ጭንብሉን አንስቶ ማሰሪያውን ይጠቀልል ጀመር።

«ቤታችን ሲሸጥ አላለቀስኩም፣ ሪኪቺ። አባቴ ጃንጥላ ሲያጣብቁ ሳይም አላለቀስኩም። ይህ እጄ አለ፣ እሱን ማንም አልወሰደብኝም ብዬ ነው። አንተ ለካ እጄን ባዶ አድርገህ ስታጨበጭብልኝ ነው የከረምከው።»

«ስለምወድሽ ነው።»

«አይደለም። እስከ ዛሬ ጭቃው ላይ ተንበርክከህ ስለሆነ ነው።»

ይህን ስትለው ፊቱ አመድ ለበሰ። ቶሴም ያለችው ነገር እንደጎዳው አየች፤ አይታም አልመለሰችውም። አንድ ግጥሚያ እንደምትፈልግ ነገረችው። ሕዝብ በሌለበት፣ አንድ ምት ብቻ፣ ዳኛውም አባቷ። በእውነት ከገጠማት፣ ብታሸንፍም ብትሸነፍም ቶኪዮ አብራው ትሄዳለች። ከራራላት ግን ዳግመኛ አያያትም። ሪኪቺ እርጥብ ፊቱን በክንዱ ጠረገና፣ «እሺ። አልራራልሽም» አለ።

ዳንጆ እንዲዳኙ ስትጠይቃቸው እምቢ ይላሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት ካሰቡ በኋላ የቤቱ ምልክት ያለበትን አሮጌ ካባቸውን ከሳጥን አወጡ።

ማለዳ ላይ የኦሱ ሜዳ ባዶ ነበር። ሰሌኑ በጤዛ ረጥቧል። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው እጅ ተነሳሱ። ቶሴ በመሃል አቋም ቆመች። ሪኪቺ ሰይፉን ከራሱ በላይ አነሳ፤ ለእሷ እንዲህ አድርጎ አንስቶላት አያውቅም። ዓይኖቹ አይስቁም ነበር። ጫፏን ወደ ታች አወረደች፣ ጠራችው፤ አልመጣም። ከጎን ወደ ጎን ሄዱ። ድንገት ገባ፤ አንጓዋን ለጥቂት ሳተና ሰይፉ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ትከሻ አይቆጠርም፤ ክንዷ ግን እስከ ጣቷ ደነዘዘ። ቶሴ በሕመሙ መሃል ደስ አላት። እንዲህ አድርጎ መታኝ፣ እንግዲህ እውነት ነው አለች በልቧ።

ከዚያ እጇን ቀያየረች፤ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት። ፊቱ ላይ እንደምትመታ አድርጋ ዘንጉን አሻቅባ፣ እሱ ራሱን ሲከልል ወደ ቅልጥሙ አወረደችው። ሪኪቺ እንደ ጊፉው የፊት እግሩን ብድግ አደረገ። እሷ ግን ከጊፉ ጀምራ ስታስብ የከረመችው ይህንኑ ነበር። ስለቱን ባዶ አየር ላይ አላሳለፈችውም፤ ዘንጉን አርዝማ፣ መላ ሰውነቱን የተሸከመችውን ያችን የቆመችውን እግር አገኘቻት። «ሱኔ!»

የተሰማው የቀርከሃ ድምፅ አልነበረም።

ሪኪቺ ወደቀ። ቶሴ አባቷ እንዳስተማሯት ወደ ኋላ ተስባ ጫፏን ጉሮሮው ላይ አነጣጥራ ቆመች። ምት ከመታህ በኋላ ልብህ ተጋጣሚህ ላይ ይቆይ ይላሉ አስተማሪዎቹ፤ ቀሪ ልብ የሌለው ምት አይቆጠርም። ከዚያ እግሩ እንዴት እንደታጠፈ አየችና ናጊናታው ከእጇ ወደቀ።

«አልሰጠሁሽም» አለ ሪኪቺ ጥርሱን ነክሶ። «ቶሴ፣ በእናቴ ስም፣ አልሰጠሁሽም።»

ቶሴ ወደ አባቷ ዞረች። በዚህ አገር ውስጥ ያችን ምት የሚመዝን ዓይን ቢኖር የእሳቸው ነው። ዳንጆ ማራገቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ ቆዩ።

«ሰጠሽ» አሉ በመጨረሻ። «እግረኛ ነው። ለጌታው ልጅ እግሩን መስጠት ከአባቱ የወረሰው ነገር ነው።»

ሪኪቺ ሽማግሌውን አያቸው፣ ከዚያ እሷን አያት፤ እሷ ግን ዓይኑን ሸሸች። ጥርጣሬው ከጊፉ ጀምሮ ልቧ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ የአባቷ ቃል ቀሰቀሰው እንጂ አልፈጠረውም። የሚወደኝ ሰው ምን አይሰጠኝም? ትከሻዬን የመታኝም እንዳምነው ነው። እንዲህ እያሰበች በደረቀ ድምፅ አለችው፦

«አጥንትህን እንኳ ሰጠኸኝ። አንድ እውነት ግን መስጠት አቃተህ።»

ወሬውን ሰምቶ የመጣው ጎንሮኩ ሁለት ሰዎች ጠርቶ በሳንቃ አሸክሞ ላከው፤ ከናጋራ ወንዝ ማዶ፣ እናቱ ያለችበት መንደር ደህና ወጌሻ ነበር። ሲያወጡት ስሟን ጠራ። አልዞረችም። እስኪጠፋ ድረስ የሰሌኑን ሽመና እያየች ቆመች፤ የትኛው ክር በየትኛው በላይ እንደሚያልፍ ዛሬም ድረስ ታስታውሰዋለች።

በበጋው መጨረሻ የሪኪቺ ደብዳቤ መጣ። ሳትከፍተው መለሰችው።

ቶሴ ከዚያ በኋላ ሜዳ አልወጣችም። ጎንሮኩ መጥቶ ለመነ፣ ቀለደ፣ ተቆጣም፤ አልሆነለትም። ናጊናታዋን ከበሩ በላይ ሰቅላ ከአባቷ ጎን ቁጭ ብላ ጃንጥላ ታጣብቃለች። አቧራ ሲጠጣ እንኳ አትወለውለውም። ዳንጆ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ልጃቸው ቤት ገባች። ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲጠና ግን ደስታቸው እየጎመዘዛቸው መጣ። ከአባታቸው የተቀበሉት፣ አባታቸውም ከአባታቸው የተቀበሉት ጥበብ ከዚች ልጅ በቀር ማደሪያ አልነበረውም።

አንድ ጠዋት ውርጩ ሳይቀልጥ፣ አንዴ ብቻ አውርጂው፣ ልይሽ አሏት።

«ለምን?» አለች ሙጫውን እያማሰለች። «እኔ እኮ በሕይወቴ ማንንም አሸንፌ አላውቅም፣ አባቴ።»

ዳንጆ የያዙትን ጃንጥላ አስቀመጡ።

«አሸንፈሻል» አሉ። «ያ ሰው ምንም አልሰጠሽም። ምቱን ለመመለስ የሚችለውን ሁሉ እያደረገ ሳለ ነው የመታሽው። ከአባቴ እጅም እንዲህ ያለ ምት አላየሁም።»

ቶሴ ማማሰሏን አቆመች።

«ታዲያ ለምን?»

«ከአንቺ በቀር ምን ቀረኝ?» አሉ። «ይዞሽ ሊሄድ ነበር። እንደ አባት ዋሸሁ። እንደ አስተማሪ ግን... ያችን ምት ዋሽቼ መቀበር አቃተኝ።»

ጮኻ አልተጣላቻቸውም። ብትጮኽ ይሻላቸው ነበር። ተነሥታ የመንገድ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች።

ጊፉ ደርሳ በጀልባ ተሻገረች። የመንደሩ ሰዎች የሪኪቺን ቤት ሲያሳይዋት ወሬውንም አብረው ነገሯት። እግሩ ጠሞ ነው የገጠመው፤ የፖሊሱ ቦታ ለሌላ ተሰጥቷል፤ አሁን ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ለሚያስይዟቸው ወፎች ማደሪያ ቅርጫት ይሠራል። እናቱ በሩ ላይ ቶሴን እንዳየች ግንባሯን ከአፈሩ ወለል ላይ ደፋች። ቶሴ ተነሺ ብላ ብትለምናትም አሮጊቷ ቀና ሳትል ወደ ጓዳ ተሳበች። ሪኪቺ እግሩን ዘርግቶ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ነበር።

«አባቴ ነገሩኝ» አለች። ሌላ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። «ምቱ እውነት ነበር። አንተም እውነትህን ነበር። ይቅር በለኝ።»

እጁ ቢላዋው ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር።

«አባትዎ ነገሩዎት» አለ።

«ሪኪቺ፣ እንደሱ አትጥራኝ።»

«እኔ መሬት ላይ ወድቄ በእናቴ ስም ምዬ ነገርኩዎት። ኋላም ጻፍኩልዎ። ያኔ ቃሌ ቃል አልሆነም። በእሳቸው አፍ ሲመጣ እውነት ሆነ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እርስዎ ከጭቃው አልተነሣህም አሉኝ። ተነሥቼ ነበር እኮ። ተነሥቼ ዓይንዎን እያየሁ ነው የተናገርኩት። የጌታ ልጅ ሆነው የሰሙኝ እርስዎ ነዎት።»

ቶሴ አፈሩ ላይ ተንበረከከች። እዚሁ እንደምትኖር፣ ቅርጫቱን መሥራት እንደምትማር፣ እናቱን እንደምትጦር ነገረችው። ሪኪቺ አድምጦ ጨረሰ። አንዴ እጁ ወደ ፀጉሯ የሚዘረጋ መሰለ፤ ተመልሶ ቀርከሃውን ያዘ።

«ታዲያ እኔ በየማለዳው፣ ይህች ሴት ወዳኝ ነው ወይስ አዝናልኝ ነው ያለችው እያልኩ ልነሣ?» አለ። «የተሰጠ ነገር እንዴት እንደሚያቃጥል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ወድጄህ ነው።»

«እኔም ያን ጊዜ ያልኩዎት ይህንኑ ነው።»

ከጓዳ የአሮጊቷ ሳል ተሰማ።

«ያቺ ምት ግን የእርስዎ ናት» አለ ሪኪቺ፣ አሁን ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ። «ያለኝን ሁሉ ልሰጥዎ ፈልጌ ነበር። ሳልሰጥዎ የወሰዱት እሷን ብቻ ነው። ከእንግዲህ ማንም ሰጠሽ ቢልዎ አይመኑት። አባትዎም ቢሆኑ።»

ቢላዋውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። ቶሴ ጥቂት ቆየች፤ አንዲት ቃል ትጠብቅ ነበር። ቃሏ ሳትመጣ ስትቀር እጅ ነሥታ ወጣች።

ስትመለስ ጀልባዋ በገበያተኛ ሞልታለች። አንዱ ለጓደኛው ጊፉ ላይ ያየውን የሴቶች ፍልሚያ ያወራለታል፤ ሴቶቹ ሁሉ ጨዋታ ናቸው፣ ከልብ ያሸነፈች አንዲት የለችም እያለ ይስቃል። ቶሴ ሰማችው። ከዚህ በፊት ቢሆን ይህ ንግግር ልቧን ይሰነጥቀው ነበር። አሁን ግን እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ከእግሯ ጥፍር እስከ ራሷ ፀጉር ታውቀዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ይህን እርግጠኝነት ነበር። ውሃው ላይ አጎንብሳ፣ ማንም እንዳያያት ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና፣ ያላለቀሰችውን ሁሉ፣ ቤቱንም ግንቡንም ጃንጥላውንም ጭምር፣ ማዶ እስኪደርሱ አለቀሰችው።